«ፎርቲ ሊክስ» ከወራት በኋላ፦ የትኛው ዘፈን ከረመ፣ የትኛው አለቀ

መጀመሪያ የሚያልቀው «ሳቲስፋክሽን» ነው። እውነቴን ነው። ይህን የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን ምርጥ ዘፈኖች ሲዲ የገዛሁ ሰሞን መኪና ውስጥ ድምፁን ለቅቄ፣ መሪውን እየደበደብኩ ነበር የምሰማው። ትንሽ ቆይቶ ግን ያ ታዋቂ ጊታር ገና ሲጀምር እጄ ሳላዘው ወደ ማለፊያው ቁልፍ መሄድ ጀመረ። ዘፈኑ ምንም አልሆነም። እንደ ድሮው ነው። ግን በማስታወቂያው፣ በፊልሙ፣ በሱፐርማርኬቱ ሲሰማ ስለኖረ ለእኔ የተረፈኝ ነገር የለም። ከሱ ቀጥሎ ያለፍኩት «ስታርት ሚ አፕ»ን ነው። እሱንም ማይክሮሶፍት በ1995 ለዊንዶውስ ማስተዋወቂያ ተጠቅሞበታልና ያው ነው።

ለዚህ ነው ስለ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ በገዙ በሳምንቱ መጻፍ ዋጋ የለውም የምለው። በሳምንቱ ሁሉም ዘፈን ምርጥ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ነው የሚከርመውና የማይከርመው የሚለየው።

ስለ ዕቃው ላስተዋውቅ። «ፎርቲ ሊክስ» የሮሊንግ ስቶንስ የአርባ ዓመት ስብስብ ነው። የወጣው በ2002 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሁለት ሲዲ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሃያ ዘፈን፣ በድምሩ አርባ። ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም መድረክ ላይ የወጣው ሐምሌ 1962 ለንደን ማርኪ ክለብ ውስጥ ስለሆነ አርባኛ ዓመታቸው ነበር። እንግሊዝም አሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። እኔ የገዛሁት ያገለገለውን ነው። እዚህ ቨርጂኒያ አሮጌ ሸክላና ሲዲ ከሚሸጥበት ቤት። ቶዮታዬ ደግሞ ከዘመኑ ስልክ ጋር አይግባባም፤ ሲዲ ግን ያለ ችግር ይውጣል። ስለዚህ አብዛኛውን የሰማሁት ሥራ ስሄድና ከሥራ ስመለስ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ነው።

ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ሲዲ «ፉል ቱ ክራይ» ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። የሲዲውን መሐል ይዞ የሚያቆመው የሳጥኑ ጥርስም ከተሰበረ ቆይቷል። አብሮት የሚመጣው ደብተር የለም። ያገለገለ ስትገዙ ሳጥኑን ከፍታችሁ ብርሃን ላይ አገላብጣችሁ እዩት፤ የሰው ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ ስብስብ ከሌሎቹ የሚለይበት ትልቅ ምክንያት አለ፤ እሱም ከሙዚቃ ይልቅ የወረቀት ጉዳይ ነው። ስቶንሶች በ60ዎቹ አጋማሽ አለን ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ሥራ አስኪያጅ ያዙ። ሰውዬው በሒሳብና በውል የተካነ ነበር። በ1970 ሲለያዩ ግን የ60ዎቹ ቅጂዎቻቸው መብት በእሱ ኩባንያ፣ በአብኮ፣ እጅ ሆኖ አገኙት። ከ1971 ወዲህ የራሳቸውን ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) አቋቁመው የሠሩት ደግሞ የራሳቸው ነው። በዚህ የተነሳ ለሠላሳ ዓመት ያህል የወጣ ስብስብ ሁሉ ግማሽ ነበር። ወይ የ60ዎቹ ብቻ፣ ወይ ከዚያ ወዲህ ያለው ብቻ። «ፔይንት ኢት ብላክ»ንና «ሚስ ዩ»ን በአንድ ሳጥን የፈለገ ሰው ሁለት ስብስብ ይገዛ ነበር። በ2002 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሙሉው ታሪክ በአንድ ላይ ወጣ።

የድሮው ግድግዳ ግን ሲዲው ላይ አሁንም ይታያል። አንደኛው ሲዲ 60ዎቹ ነው፤ ሁለተኛው ከ1971 ወዲህ ያለው። «ዋይልድ ሆርስስ» እና «ብራውን ሹገር»ን ተመልከቱ። ሁለቱም የተቀረጹት በታኅሣሥ 1969፣ አላባማ ውስጥ ማስል ሾልስ በሚባል ቦታ፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ሁለቱም የወጡት በ1971 በአንድ አልበም ላይ ነው። እዚህ ግን አንዱ አንደኛው ሲዲ ላይ፣ ሌላው ሁለተኛው ላይ ተለያይተው ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። እየቆየ ግን አናደደኝ። ሁለቱን ተከታትለው ስትሰሟቸው አንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ያስታውቃል። ያንን አየር ነው የከለከሉን።

ቅደም ተከተሉ በአጠቃላይ ዝብርቅርቅ ነው። አንደኛው ሲዲ በ1968 ዘፈን ይጀምራል፣ ወደ 1969 ይሄዳል፣ ከዚያ 1965 ይመለሳል። «አንደር ማይ ተም» ከሚለው የ1966 ዘፈን በኋላ ድንገት የ1964ቱ «ኖት ፌድ አዌይ» ይመጣል። ልጆቹ ያኔ ገና የሌላ ሰው ዘፈን እየተዋሱ ይዘፍኑ ነበር፤ ይህንንም የወሰዱት ከአሜሪካዊው ዘፋኝ በዲ ሆሊ ነው። ለአንድ ቀን ግብዣ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይከፋም። ባንዱን ማወቅ ለፈለገ ሰው ግን ጉዳት አለው። ዋናው ጉዳት ብራያን ጆንስን መደበቁ ነው።

ብራያን ጆንስ ባንዱን የመሠረተው ሰው ነው። ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። በኋላ ዘፋኙ ሚክ ጃገርና ጊታር ተጫዋቹ ኪዝ ሪቻርድስ ዘፈን መጻፍ ሲጀምሩ ሥልጣኑ ከእጁ ወጣ። እሱም ዘፈን በመጻፍ ፈንታ ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ መጫወት ያዘ። «ፔይንት ኢት ብላክ» ላይ ያለው የህንድ ሲታር የእሱ ነው። «አንደር ማይ ተም» ላይ እንጨት በእንጨት የሚመታ የሚመስለው ማሪምባ የእሱ ነው። «ሩቢ ቱስዴይ» ላይ እንደ ዋሽንት የሚያለቅሰው ሪኮርደርም የእሱ። እነዚህ ሦስት ዘፈኖች ሲዲው ላይ ቁጥር 17፣ 8 እና 16 ናቸው። ተበታትነዋል። በዘመናቸው ተራ ስትሰሟቸው ግን፣ ሁሉም ከ1966 እስከ 1967 መጀመሪያ ድረስ ያሉ ናቸው፣ አንድ ሰው እየጎላ መጥቶ ከዚያ ሲጠፋ ይሰማችኋል። በ1969 ሰኔ ላይ ከባንዱ ወጣ። ሐምሌ 3 ቀን ቤቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 27 ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የስቶንስ ሙዚቃ ጠንካራ ነው፣ ግን ያ ሁሉ ቀለም የለውም። ሁለተኛውን ሲዲ ሙሉውን ፈልጉ፣ እንደ «ሩቢ ቱስዴይ» የሚመስል አንድ ዘፈን አታገኙም።

አንድ ቀን አጎቴን ከአየር ማረፊያ ሳመጣ ይኼው ሲዲ ተከፍቶ ነበር። እሱ አሥመራ ነው ያደገው። በልጅነቱ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖች ሬዲዮ የሚለቀውን ሙዚቃ ይሰማ እንደነበር ደጋግሞ ነግሮናል። «ጌት ኦፍ ኦቭ ማይ ክላውድ» ሲመጣ ድምፁን ራሱ ከፍ አደረገው። «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ የኛ ጊዜ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። «ጋሼ፣ እኔ ከፍዬበት ነው የምሰማው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ግን ዝም ብሎ ከበሮውን በጣቱ ጉልበቱ ላይ መምታት ጀመረ። ሌላው ሰው ገና ሳይገባ ብቻውን ዘፈኑን የሚከፍተውን ያንን ከበሮ። አንዲትም አልሳታት።

ስለ ከበሮው ካነሳሁ አይቀር፣ ከወራት በኋላ ይህ ስብስብ ለእኔ የከበሮ መቺው የቻርሊ ዋትስ ስብስብ ሆኗል። መጀመሪያ ጃገርን ነው የምትሰሙት። ሌላ ምርጫም የለም፤ ፊት ለፊት እሱ ነው። ቀጥሎ የኪዝ ጊታር ይመጣል። ሁለቱ ሲለመዱ ነው ከኋላ ሆኖ ሁሉን የተሸከመው ሰው የሚሰማው። ዋትስ ልቡ ጃዝ ላይ ነበር። በሮክ ድራመር ደረጃ የሚጠቀምበት ዕቃ ትንሽ ነው። አይጮህም፣ አያሸበርቅም። አንድ ልማድ ነበረው፦ ዋናውን ከበሮ በሚመታበት ቅጽበት ሌላውን እጁን ከሃይ ሃቱ (ከጥንዱ የብረት ሳህን) ላይ ያነሳል። አብዛኛው ድራመር ሁለቱን በአንድ ላይ ይመታል። እሱ ግን ያቺን ቦታ ለከበሮው ብቻ ይተዋታል። «ሆንኪ ቶንክ ውሜን»ን ይህን እያሰባችሁ ስሙት። መግቢያው ላይ የምትሰሙት የላም ቃጭል ፕሮዲውሰራቸው ጂሚ ሚለር ነው። ከዚያ ዋትስ ሲገባ ዘፈኑ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይራመዳል። ምንም አይቸኩልም። ስንት ጊዜ ሰምቼው አሁንም አልሰለቸኝም።

«ስትሪት ፋይቲንግ ማን» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ትራክ ነውና ሲዲውን በከተታችሁ ቁጥር እሱን ነው የምትሰሙት። እኔ ኤሌክትሪክ ጊታር የሞላበት ይመስለኝ ነበር። ከቤዝ ጊታሩ በቀር ግን አንድም የኤሌክትሪክ ጊታር የለበትም። ኪዝ ተራውን አኮስቲክ ጊታር በትንሽ የቤት ካሴት መቅጃ ቀዳው፤ መቅጃው ድምፁን መሸከም ስላልቻለ ተፍረክርኮ ሸካራ ሆነ። እሱ የፈለገውም ያንኑ ነበር። ዋትስም የተጫወተው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ በ1930ዎቹ የተሠራ የመለማመጃ ከበሮ ላይ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዘፈኑ ጠበበ። ሁለት ሰዎች ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ያቺን ትንሽ መቅጃ መሐል አድርገው ነው የሚታዩኝ። ዛሬ ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ስቱዲዮ ያን ያህል የሚከብድ ድምፅ ያወጣ ካለ ንገሩኝ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዋትስ የሌለባቸውም አሉ። «ዩ ካንት ኦልዌይስ ጌት ዋት ዩ ዋንት» ላይ ምቱ አልመጣለት ስላለ የተጫወተው ራሱ ሚለር ነው። «ሃፒ» ላይም ሚለር ነው። ቻርሊ በነሐሴ 2021 በ80 ዓመቱ አረፈ። ባንዱ ቀጥሏል፣ ጥሩ ድራመርም አግኝተዋል። ግን ይህን ሲዲ ወራት የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም።

ከሁሉም የከረመው ዘፈን «ጊሚ ሼልተር» ነው። የ1969 ነው። ከጃገር ጋር የምትዘፍነው ሴት ሜሪ ክሌይተን ትባላለች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእኩለ ሌሊት ግድም ከመኝታዋ ስልክ ተደውሎ ነው የተጠራችው። ነፍሰ ጡር ነበረች። ፀጉሯን በቢጉዲን እንደጠቀለለች፣ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ ስቱዲዮ ሄደች። ሦስተኛው ደቂቃ ግድም ብቻዋን የምትዘፍንበት ቦታ አለ። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ከፍ አደረገች፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። አላቆመችም። እንደተሰነጠቀ ቀጠለችበት። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ካላችሁ ልክ እዚያ ላይ ከኋላ አንድ ወንድ ተገርሞ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ጃገር ነው። አልቆረጡትም፣ አላጸዱትም፣ እንዳለ ተዉት። መኪና ውስጥ ይህ ጩኸት አይሰማም። ሞተሩ ይውጠዋል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሜ መለስኩት።

«ሲምፓቲ ፎር ዘ ዴቭል»ም ከርሟል። ሮክ ይባላል እንጂ ሥሩ ከበሮ ነው። ኮንጋውን የሚመታው ሮኪ ዲጆን የሚባል ጋናዊ ነው፣ ፒያኖው ኒኪ ሆፕኪንስ። ስድስት ደቂቃ ያልፋል ግን ቀጥ ብሎ እየጋለ ይሄዳል፤ አንድም ቦታ አይወርድም። ባለቤቴ በስሙ ምክንያት ልጆች ባሉበት እንድከፍተው አትፈልግም። ክርክር አላነሳም።

የልጆች ነገር ከተነሳ «ብራውን ሹገር» ላይ ልቁም። ሙዚቃው እሳት ነው። ግጥሙ ግን ስለ ባሪያ ንግድ መርከብና ስለ ጥቁር ሴቶች የሚያወራው በፈንጠዝያ ነው። አንድ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ከኋላ ሆና «አባዬ፣ ስለ ምንድን ነው የሚዘፍነው?» አለችኝ። ጥቁር ልጅ ናት፣ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። በዚያ ጥያቄ ላይ የሚመለስ ነገር የለኝም። አለፍኩት፣ ከዚያ ወዲህም እሷ ካለች አላጫወትኩትም። ባንዱ ራሱ በ2021ዱ ጉዞ ከመድረክ ዝርዝሩ አውጥቶታል። «አንደር ማይ ተም»ም ማሪምባው እንደዚያ እያማረ፣ ሴትን ስለመግዛት የሚፎክር ዘፈን ነው። ዘመኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ዕቃውን የምገመግመው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ነውና እነዚህ ሁለቱ በቤተሰብ ፊት አይከፈቱም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሲዲ። እዚህ ነው ገንዘባችሁ የሚፈስሰው።

«ኤክዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» የሚባለውን የ1972 አልበም ብዙ ሰው የስቶንስ ምርጥ ሥራ ይለዋል። የእንግሊዝን ግብር ሸሽተው ደቡብ ፈረንሳይ ኪዝ በተከራየው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ብዙውን የሠሩት ነው። በዚህ ስብስብ ላይ ከዚያ አልበም ስንት ዘፈን አለ? ሁለት። «ታምብሊንግ ዳይስ» እና «ሃፒ»። ለስብስቡ ተብለው አዲስ የተሠሩት ደግሞ አራት ናቸው። «ዶንት ስቶፕ»፣ «ኪይዝ ቱ ዩር ላቭ»፣ «ስቲሊንግ ማይ ሃርት» እና «ሉዚንግ ማይ ተች»። በዚያ ላይ ከ1989 እስከ 1997 ያሉ አራት ጨምሩበት። ማለትም ከሃያው ስምንቱ ከእርጅና ዘመን ነው። «ዶንት ስቶፕ» ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ይሄዳል። መካከለኞቹን ሁለቱን አሁን ዜማቸውን አንጎራጉር ብትሉኝ አልችልም። ስንት ጊዜ ሰምቼያቸው! ይልቅስ «አዝ ቲርስ ጎ ባይ» ወይም «ዌይቲንግ ኦን ኤ ፍሬንድ» የት ሄዱ? ቦታ አጣን እንዳይሉ፣ ቦታውን ማን እንደያዘው እያየን ነው።

ከአዲሶቹ «ሉዚንግ ማይ ተች» ብቻ አስገረመኝ። የመጨረሻው ትራክ ነው። ኪዝ ነው የሚዘፍነው፣ በዚያ በሲጋራ በተበላ ድምፁ። ቀስ ያለ፣ የሌሊት ዘፈን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰምቼው አላውቅም፤ ከሱ በፊት ወይ ቤት እደርሳለሁ፣ ወይ እሰለቻለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሄደ። አሁን ከሁለተኛው ሲዲ ብዙ ጊዜ የምመለስበት እሱ ነው። በስልክ ብሰማው ኖሮ በጭራሽ አልደርስበትም ነበር። የሲዲ ጥቅሙ ይኼ ነው፦ ያልመረጣችሁትንም ያሰማችኋል።

ሌላው ቅሬታዬ መቁረጣቸው ነው። «ሚስ ዩ» የ1978 ዘፈን ነው፤ ዲስኮ ዓለምን በያዘበት ጊዜ የወጣ። ሃርሞኒካውን የሚነፋው ሹገር ብሉ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ፓሪስ የምድር ባቡር ውስጥ ሲጫወት ነው አገኙት ይባላል። ባለቤቴ ከአርባው ውስጥ የምትወደው ይህንን ነው፤ ሳህን እያጠበች ትወዛወዝበታለች። እዚህ ላይ ያለው ግን አጭሩ ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ግድም ነው፤ አልበሙ ላይ ያለው ከዚህ ከደቂቃ በላይ ይረዝማል። ገና ሲሞቅ ያወርዱታል። «ኢሞሽናል ሬስኪው»ም እንደዚሁ ተቆርጧል። አንደኛው ሲዲ ላይ ሰባት ደቂቃ የሚያልፍ ዘፈን በሙሉ አስገብተው እዚህ ላይ መቀሱን ማውጣታቸው አይገባኝም። መልሱ ግልጽ ነው እንጂ፦ ለአራቱ አዲሶች ቦታ ይፈለጋል።

«ኤንጂ» ግን ሙሉ ነው፣ ደግነቱ። ጃማይካ ኪንግስተን የተቀረጸ ነው፣ በ1972 መጨረሻ። ሬጌ አትጠብቁ። በፒያኖና በአኮስቲክ ጊታር ላይ የቆመ የመለያየት ዘፈን ነው። ትዝታ ለለመደ ጆሮ ይህን ዘፈን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዳ ቤት መጥቶ ሮክ አልወድም ካለኝ የምከፍትለት ይህንን ነው፤ እስካሁን አጥፋው ያለኝ የለም።

ስለ ድምፅ ጥራቱ ጥቂት። የ2002 ሲዲ እንደ ዘመኑ ጓደኞቹ ድምፁ ሁሉ ወደ ላይ የተገፋ ነው። መኪና ውስጥ ይህ ይጠቅማል። የመንገዱን ጫጫታ አሸንፎ ይወጣል። ቤት ውስጥ በጥሩ ማዳመጫ ግን ከሰባት ስምንት ዘፈን በኋላ ጆሮ ይደክማል። ዝም የሚለውና የሚጮኸው ቦታ ሊቀራረብ ምንም አልቀረውም። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሉት እነ «ዘ ላስት ታይም» ሞኖ ናቸው፣ ማለትም ከግራም ከቀኝም የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ስቴሪዮ ካልሆነ የሚከፋው ሰው ይወቅ። እኔ ሞኖውን ወድጄዋለሁ። አንድ ላይ ተጠጋግተው ይመታሉ።

ታዲያ ማን ይግዛው? ስቶንስን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ መኪናው ሲዲ የሚቀበል፣ ያገለገለውን በጥቂት ዶላር ካገኘው ሳያስብ ይውሰደው። አንደኛው ሲዲ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። የ60ዎቹን ብቻ የሚፈልግ በ1971 መጨረሻ የወጣውን «ሃት ሮክስ» ይግዛ፤ ዘፈኑ 21 ነው፣ ትርፍ የለበትም፣ «አዝ ቲርስ ጎ ባይ»ም አለበት። «ብራውን ሹገር» እና «ዋይልድ ሆርስስ»ም እዚያ አልተለያዩም። በዘመን ተራ መስማት የሚፈልግ በ2012 ለሃምሳኛ ዓመታቸው የወጣውን «ገር» ይፈልግ። ሃምሳ ዘፈን፣ ሦስት ሲዲ፣ ከሞላ ጎደል በቅደም ተከተል። አልበሞቻቸውን አንድ በአንድ የያዘ ሰው ደግሞ ይህንን ምን ያደርግለታል? ለአራት አዲስ ዘፈን ያውም ሁለቱ ለሚረሱ። በነገራችን ላይ ሙሉ ታሪካቸው ነው ቢባልም በ2002 ያቆማል። ከዚያ በኋላ በ2005፣ በ2016 እና በ2023 አልበም አውጥተዋል።

የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ እኔ ያደረግሁትን ሞክሩ። ሁለተኛውን ሲዲ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ በዘመን ተራ አስተካክዬ ባዶ ሲዲ ላይ ጻፍኩት። ተራው እንዲህ ነው፦ ልጅ ከሌለ «ብራውን ሹገር»፣ ከዚያ «ታምብሊንግ ዳይስ»፣ «ሃፒ»፣ «ኤንጂ»፣ «ኢትስ ኦንሊ ሮክ ኤንድ ሮል»፣ «ፉል ቱ ክራይ» (የእኔ ይንተባተባልና ከስልክ አምጥቼ ተካሁት)፣ «ሚስ ዩ»፣ «ቢስት ኦቭ በርደን»፣ «ሻተርድ»፣ «ኢሞሽናል ሬስኪው»፣ «ስታርት ሚ አፕ»፣ «አንደርከቨር ኦቭ ዘ ናይት»። እዚህ 1983 ላይ እንደርሳለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ ዘልዬ በቀጥታ «ሉዚንግ ማይ ተች» አስገባሁ። አሥራ ሦስት ዘፈን። «ስታርት ሚ አፕ» በዚህ ተራ፣ አሥር ዘፈን ከቀደመው በኋላ ሲመጣ፣ አላልፈውም።